ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ልጅ ያላችሁ፣ የልጅ ልጅም ያላችሁ፣ ስሙኝ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትኩሳት ይዛ ብትመጣ አትደንግጡ፤ ትኩሳት ይለቃል። ቅማል ይዛ ብትመጣም አትደንግጡ፤ ቅማል ይለቀማል። «ፕሮጀክት» ይዛ ከመጣች ግን በሩን ከውስጥ ቀርቅሩ። እኔ አልቀረቀርኩም። ስላልቀረቀርኩ ይኸው በቁሜ ተለቅሶልኛል፣ ፋቲሓ ተቀርቶልኛል፣ ወሎ ደግሞ ፍየል ታርዶልኛል። ከፍየሏ አንድ ጉርሻ እንኳ አልደረሰኝም።

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ቁርኣን ቤት ትንሽ፣ ፊደል ትንሽ፣ የቀረውን የካርቱም መንገድ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ እንደ መጣልኝ እጽፋለሁ፤ የተጣመመውን እናንተ አቅኑት።

የልጅ ልጄ ሐያት ትባላለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። እናቷ ጂዳ ስለምትሠራ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። አማርኛዋ በእግሩ ይነሳና ግማሽ መንገድ ላይ ሲደክመው ዓረብኛ ተሳፍሮ ይደርሳል። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እኔንም ድመቱንም «አንተ» ነው የምትለው። ድመቱ ቅር አላለውም፣ እኔም ለምጄዋለሁ። የሐበሾች ትምህርት ቤቷ ውስጥ ግን፣ ከአገር ቤት ገና የመጡት ልጆች አፏን በከፈተች ቁጥር ይስቁባታል።

እና አንድ ቀን ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «አባባ፣ ሙሳበቃ አለ» አለችኝ። ሙሳበቃ ውድድር ነው።

«የሩጫ?»

«ላ። የችግር።»

«የችግር ውድድር?»

«አይዋ! ሰፈር ውስጥ ችግር ትፈልጋለህ፣ ከሰፈር ሰው ጋር ሆነህ ትፈታለህ። ያሸነፈ በአዳራሹ፣ ያኒ፣ ሁሉም ፊት ቆሞ ይናገራል።»

ይታያችሁ። ካርቱም ውስጥ ልጅን «ሂጂ ችግር ፈልጊ» ብሎ መላክ! ዓሣን ውሃ ፈልግ እንደ ማለት ነው። በእኛ ጊዜ ልጅ ችግር ከፈለገ ይገረፋል፤ አሁን ይሸለማል።

«አማርኛሽ በሁሉም ፊት ምን ሊሆን?» አልኳት፤ አፌ ነው።

ቦርሳዋን አወረደች። «ካሸነፍኩ አይስቁም» አለች።

የመረጠችው ችግር በደጃችን የሚያልፈውን ቦይ ነው። እዚህ ኾር ይሉታል። የክረምቱን ውሃ እንዲወስድ ነበር የተቆፈረው። አሁን ግን ጎማ አለበት፣ ፌስታል አለበት፣ የፍራሽ ጥጥ አለበት፣ ከባለ ሦስት እግሯ ሪክሻ ወንበር በቀር የሌለበት ነገር የለም ልል ነበር፤ እሱም አለበት። ባለፈው ኸሪፍ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ገባ። ክረምቱን ነው ኸሪፍ የሚሉት። የሐያት ደብተሮች በክፍሉ ውስጥ እንደ ዳክዬ ሲንሳፈፉ አንዱን በጫማዬ ነው ያጠመድኩት።

የውድድሩ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ዓርብ ከዐሥር ሶላት በኋላ ዳኞች መጥተው ተማሪዋ የሰፈሩን ሰው ሰብስባ ስትወያይ ያያሉ። ሰው ካልመጣ ከውድድሩ ትወጣለች።

«የሰውን ነገር ለእኔ ተዪው» አልኳት። ይቺን አፌን አንድ ቀን በሽቦ እሰፋታለሁ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም «ኢንሻአላህ» አለኝ። እዚህ አገር ለብዙ ዓመት የኖረ ሰው ኢንሻአላህ ከኢንሻአላህ ይለያል። ዓይንህን እያየ «ኢንሻአላህ» ያለህ ምናልባት ይመጣል። ሰማይ እያየ ያለህ አይመጣም። «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ የደገመልህ ግን ያን ዕለት ሰፈሩን ለቆ ይሄዳል። እኔ ያገኘሁት በሙሉ ድርቡን ነው።

ተናድጄ ደጄ ላይ ስቀመጥ ሐጅ ባቢከር መጣ። ሱዳናዊ ነው፣ የቀኝ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ፀሐይ ማን ሜዳ ላይ ይቀመጥልሃል?» አለኝ። «ጥላ ሥራ፣ ወንበር ደርድር፣ ሰው ራሱ ይመጣል።»

እውነቱን ነበር። ሰው ራሱ መጣ።

ሰዋን የሚያከራይ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ሰዋን መንገድ ላይ የሚተከል ትልቅ ድንኳን ነው።

«ሠርግ ነው ቢካ?» አለኝ። ቢካ ለቅሶ ነው።

«ሁለቱም አይደለም። ስብሰባ ነው።»

«የስብሰባ ሰዋን የለኝም። የሠርጉ መጋረጃና ባለ ቀለም አምፖል አለው። የቢካው ጨርቅ ብቻ ነው።»

«ጨርቁን አምጣ።»

«ያ ሐጅ፣ ሰዎች ግን…»

«አምፖል ለምኔ ነው? ቦይ ልድር ነው? ጨርቁን አምጣ አልኩህ!»

ሰውዬው ሊነግረኝ ነበር። ሐያትም ሊነግሩኝ ከሞከሩት ናት፤ ዓርብ ጠዋት ሰዋኑ ተተክሎ ስታይ ጥፍሯን እየበላች፣ «አባባ፣ ይሄ የቢካ አይመስልም?» አለችኝ። «ጥላ ጥላ ነው!» ብዬ ጁምዓ ልሰግድ ሄድኩ። ከመስጊድ ስመለስም በጓሮ በር ገብቼ ጋደም አልኩ።

እንግዲህ አስቡት። ዴም መሀል፣ ዓርብ ጠዋት፣ የለቅሶ ድንኳን ቆሟል። ድንኳኑን ያቆሙት ሰዎች ወንበሩን በሚያውቁት መንገድ፣ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ደርድረውታል። ደጁ ላይ ሁልጊዜ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚቆጣው ሽማግሌ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። እናንተ ብትሆኑ ማን ሞተ ትላላችሁ?

ከዐሥር በኋላ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ወጣሁና ከወንበሮቹ ራስ ላይ ተቀመጥኩ። አንድም ሰው የለም። ፊቴ ጠቆረ። ባዶ ወንበር መሀል፣ ነጭ ለብሶ፣ ፊቱን አጥቁሮ የተቀመጠ ሽማግሌ ምን እንደሚመስል ያኔ አላሰብኩም።

አንድ በአህያ ጋሪ ሐብሐብ የሚነዳ፣ ዓይቼው የማላውቅ ሰውዬ ጋሪውን አቆመ። ወረደ። ጫማውን አራግፎ መጣና ከፊቴ ቆሞ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ።

ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ አገር ለቅሶ የመጣ ሰው ለፋቲሓ መዳፉን ከዘረጋልህ አንተም ትዘረጋለህ። የሰውን መዳፍ አየር ላይ አንጠልጥሎ መተው ከጥፊ ይከፋል። ለብዙ ዓመት ሲዘረጋ የኖረ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ተዘረጋ። ቀራን። ፊታችንን አበስን። «አልበረካ ፊኩም» ብሎ አጽናናኝና ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ ማንም አል…» ከማለቴ ከኋላው ሌሎች ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተዋል። እነሱን ሳበቃ ሦስት። እነሱን ሳበቃ ሐጅ ባቢከር ራሱ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«አንተ ነህ እኮ ድንኳን ያልከኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ያልኩህስ እኔ ነኝ» አለ እያቀፈኝ፤ «ግን ከዚያ በኋላ ሰው እንደ ሞተብህ ነገሩኝ። ምነው ከእኔ ትደብቃለህ?»

«ማን ሞተብኝ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ እንጂ!»

ይሄኔ አንዲት ሪክሻ አቧራ እያቦነነች መጣች። ዘይነባ ናት። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፣ እረፍት ስታገኝ የምታድርባት ክፍል ግቢያችን ውስጥ አላት። ከሪክሻዋ ሳትወርድ ነው ማልቀስ የጀመረችው። «ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ተቆጪዬ! ማን ይቆጣናል እንግዲህ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ መጥታ ከፊቴ ደረሰች። አየችኝ። እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

«ጋሼ! እርስዎ ኖት እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም! ስብሰባ ነው!»

እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ተቆጣች፤ መሞቴን ስትሰማ ካዘነችው ይልቅ መኖሬን ስታይ የተናደደችው ይበልጣል። «ማንም ሳይሞት ነው እንዲህ የሆንኩት? አጎቴ ሞተ ብዬ ማዳሜ ፊት መሬት ላይ ተንከባልዬ፣ እሷም አብራኝ አልቅሳ፣ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥታኝ ነው የመጣሁት!»

«ተመለሺና አልሞተም በያት።»

«ፈቃዱንማ አልመልስም! እስከ ሰኞ ድረስ በሪያድ በኩል እንዳይታዩ። ካገኘችዎ እኔ ነኝ የምሞተው!»

ይህን እየተጨቃጨቅን ሴቶች ምግብ በትሪ ተሸክመው መግባት ጀመሩ። ቀጥሎ ደግሞ በሰፈሩ ክፍል ተከራይተው የቀን ሥራ የሚሠሩት የሐበሻ ልጆች መጡ። ነገ ከነገ ወዲያ መንገድ የሚቀጥሉ ናቸው፣ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። በባዶ እጃቸው ግን አልመጡም። ግማሹ አካፋ፣ ግማሹ ዶማ ይዟል።

«አባት፣ ቀብሩ ተቆፍሯል ወይስ እኛ እንድረስ?» አለኝ ከፊት ያለው፣ ዶማውን ከትከሻው እያወረደ።

ቤት ለቤት ስዞር «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» ያሉኝ ሁሉ አሁን ወንበር ሞልተዋል። ለኾሩ ስጠራቸው ሥራ ነበረባቸው። ለሬሳዬ ግን ሥራቸውን ጥለው መጡ! በቁሜ ሳለሁ ብርጭቆ ውሃ ያላቀበለኝ ሰው ለእኔ ብሎ ድስት ሙሉ ሩዝ ተሸክሟል።

ዳኞቹ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ሦስት ናቸው፣ አንዱ ባለ መነጽር። ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ፣ ተያዩ። ባለ መነጽሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቀስ ብሎ መጣና፣ «እግዜር ያጥናዎ አባት» አለኝ። «በሐዘን ቀን መጣን፤ የሐያትን ፕሮጀክት ሌላ ጊዜ…»

«ሌላ ጊዜ የለም! ምንም ሐዘን የለም! ሰው ሰብስቡ አላላችሁም? ይኸው ሰው! ቁጭ በልና ልጅቷን ስማት!»

ሐያት መሀል ላይ ቆመች። አስተማሪዋ የጻፈላትን ወረቀት ይዛለች። ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው ነበር፤ ድመቱ እንኳ በቃሉ ይዞታል። «የማኅበረሰብ አቀፍ ተሳትፎ ለ… ለዘላቂ…» ብላ ቆመች። እንደገና ጀመረች። «ለዘላቂ አካባ… አካባቢ…» አካፋና ዶማ ከያዙት ልጆች አንዱ ፈገግ አለና ወደ ጓደኛው ዘወር አለ። ልጅቷ አየችው። ፊቷ ቀላ። ተነስቼ እኔ ልናገርላት ነበር።

የኪሴ ስልክ ጮኸ። ወሎ ነው፣ ታላቅ እህቴ ናት። ዘይነባ የድንኳኑን ወሬ ሰምታ፣ ገና ከሪያድ ሳትወጣ፣ ጠዋቱን ደውላ መርዶዬን አድርሳላታለች። ወንበሬ ላይ አጎንብሼ አነሳሁት።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔ ማን?»

«ወንድምሽ ነኝ እንጂ!»

«ወንድሜማ ሞቷል» አለች፤ «ስልኩን ላለ ሰው ስጥልኝ።»

«አለሁ እኮ! አልሞትኩም!»

«ፍየሏን አርደናል!»

«ታዲያ ምን ላድርግሽ፣ ልሙትልሽ?»

«እንዲያ ወጣኝ? ሰው ተሰብስቦ ዱዓ እያደረገልህ ነው፣ ገና በልቶም አልጨረሰ። አሁን አለ ብዬ እንዴት ከማዕድ አስነሳለሁ? እስኪጨርሱ ዝም በል!» ብላ ዘጋችብኝ። በሰባ ዓመቴ፣ በቁሜ፣ ዝም በል ተባልኩ!

ቀና ስል ሐያት ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከትታዋለች።

«ስሙኝ» አለች። «ማንም አልሞተም። ወላሂ ማንም። አያቴ ጥላ ፈለገ፣ ራሱ ድንጋይ ነው፣ ሰው አይሰማም፣ ኸላስ። ግን ባለፈው ኸሪፍ ኾሩ ተዘጋ፣ ውሃው ቤት ገባ። እኛ ቤት ገባ። ዐሚ ባቢከር ቤት ገባ። ዘይነባ፣ ያንቺ ፍራሽ ሄደ፣ አይደል?»

«ሄደ የኔ እናት! አዲስ ፍራሽ!» አለች ዘይነባ፣ እንባዋ አሁን የምር መጣ።

«እኔ ቤታችሁ መጣሁ፣ አያቴም መጣ፣ ኑ አልን። አልመጣችሁም። ሰው ሞተ ሲባል መጣችሁ። ሰው ሳይሞት ለምን አትመጡም?»

ያንኑ ለሱዳኖቹ በዓረብኛ ደገመችላቸው። በዓረብኛው የባሰ ተናግራቸዋለች መሰለኝ፣ ሐጅ ባቢከር መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። አማርኛዋ እንደ ዱሮው ነው፤ አንድም የተቃና ነገር የለውም። ማንም ግን አልሳቀም። ያ ፈገግ ያለው ልጅ ጫማውን ሲያይ ቆየና ዶማውን አነሳ።

«እሺ፣ የቱ ጋ ነው የምንጀምረው?» አላት። እኔን አይደለም የጠየቀው። እሷን ነው።

ገቡበት። ለመቃብሬ የመጣ አካፋ ሁሉ ኾሩ ላይ ዋለ። ሐጅ ባቢከር ጀለቢያውን ታጥቆ ያዝዛል፣ ማንም አይሰማውም። ባለ ሐብሐቡ ሰውዬ ጋሪውን አራግፎ ቆሻሻውን ያመላልሳል። ከውስጥ የወጣው ነገር ሁሉ ወላጅ የሌለው ነው። «ይሄ ያንተ ጎማ አይደለም?» ስትለው፣ «ወላሂ ዓይቼው አላውቅም!» ይልሃል፣ ጎማው ላይ ስሙ ተጽፎ። ዘይነባ የለቅሶዬን ሩዝ ለቆፋሪዎቹ ታድላለች። እኔም በላሁ። የራሱን ለቅሶ የበላ ሰው ካለ ያግኘኝና እንጨዋወት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኾሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠርጎ አለቀ።

ደረቴን ነፍቼ ወደ ባለ መነጽሩ ሄድኩ። «አየህ?» አልኩት።

«አየሁ አባት። እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይተን አናውቅም» አለ። መነጽሩን ጠረገ። «ግን አንድ ችግር አለ።»

«ምን ችግር?»

«ችግሩ አለቀ።»

«አዎ አለቀ! እንዲያልቅ አይደለም እንዴ?»

«በደንቡ ቁፋሮ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። መጀመሪያ ግንዛቤ ይፈጠራል፣ ቀጥሎ ጥናት፣ ከዚያ ውይይት። ወደ ሁለተኛው ዙር የሚያልፈው ገና የሚሠራ ሥራ ያለው ፕሮጀክት ነው። የእሷ ምንም አልቀረውም።»

«እና ተመልሰን እንድፈነው?»

ሰውዬው አሰበ። ወላሂ፣ ቆሞ አሰበ! «አይ፣ እሱ ደንቡ ውስጥ የለም» አለ በመጨረሻ።

ሐያት አላለፈችም። ያለፈው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ፤ እጅ ስለ መታጠብ ግንዛቤ ሊፈጥር ያቀደ ልጅ ነው አሉኝ። ገና አልታጠበም፣ አቅዷል። እሷ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ድመቱ ከእግሯ ሥር ተጋደመ። በማግስቱ ዱላዬን ይዤ ትምህርት ቤት ልሄድ ስነሳ በሩ ላይ ቆመችብኝ። «ኸላስ አባባ» አለች፤ «አንተ ከሄድክ ሌላ ድንኳን ያስፈልጋል።»

ከዚያ ኸሪፉ መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስነሳ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ደብተሮቿም ከቦታቸው ናቸው። ውሃው በኾሩ ውስጥ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው እየሮጠ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ግን ከእኛ ውስጥ ያሰበ አልነበረም። አላህ ይቅር ይበለን፤ የሄደው ቁልቁል ወደሚቀጥለው መንገድ ነው። የእነሱ ኾር እንደ ተደፈነ ነው።

በሬ ተደበደበ። ስከፍት የታችኛው መንገድ ሰዎች ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ለጠብ የተዘጋጀሁ ነበርኩ። «እኛ ምን አደረግን? ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ከፈጠረው ጋር ተከራከሩ!» ብዬ ገና ሳልጨርስ፣ ከመሀላቸው አንዲት ሴትዮ፣ «እርስዎን አይደለም የፈለግነው» አለችኝ። «ልጅቷ አለች?»

«የቷ ልጅ?»

«ያቺ ሰው የሰበሰበችው።»

ሐያት ከኋላዬ ወጣች። ሻሿን አስራለች፣ የላስቲክ ጫማዋን አድርጋለች። «ስንት ቤት ገባ ውሃው?» አለቻቸው፣ በዚያው በምታውቁት አማርኛዋ። ሁሉም በአንድ ላይ መለሱላት። አንድ በአንድ እንዲናገሩ በእጇ አስቆመቻቸው፤ ቆሙ! ጢም ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። ሰማቻቸውና፣ «ያላ፣ አሳዩኝ» ብላ ፊት ፊት ሄደች። እነሱ ተከተሏት።

እኔም ተከተልኩ። ሐሳብ ነበረኝ። ኾሩ በየት በኩል መቆፈር እንዳለበት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ባይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። መሀል መንገድ ላይ እኔን የሚያክል አንድ ደረቅ ሽማግሌ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

እኔን! ዴም ውስጥ እኔን ማን ነህ! የምመልስለትን ሁሉ አፌ ላይ አመጣሁ። ከፊት ሐያት ጭቃው መሀል ቆማ በእጇ ታሳያለች፣ ሰው ከቧት ይሰማታል።

«አያቷ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ምን ቆመሃል?» አለና አካፋውን እጄ ላይ ጣለልኝ።